ቁርስ ያልበሉት ሴሎች

በምርምር ክፍሉ ውስጥ ሁሉም «መብረቅ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የኮምፒውተር ባለሙያው ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ ጠዋት ሻይ ቀድቶ እስኪመለስ ድረስ እሷ የያዘችውን ጨርሳ ጠረጴዛዋን ስትወለውል አገኛት። «ሴትዮ፣ መብረቅ ነሽ እንዴ?» አላት፤ በዚያው ቀረ። በር በክርኗ ትከፍታለች፤ መሳቢያ በጉልበቷ ትዘጋለች። ቆማ ስታወራ እንኳ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ወይ የጓንት ካርቶን ያስተካክላል፣ ወይ የሰው ጋዋን ቁልፍ ይቆልፋል። ስሙን አልጠላችውም። እንዲያውም አፏን ሞልታ ባትናገረውም በፍጥነቷ ትኮራ ነበር።

እዚህ ከመምጣቷ በፊት ለብዙ ዓመታት በአንድ ጤና ጣቢያ ደም መርማሪ ነበረች። መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጣ ደም ትቀዳለች፣ ጠብታውን በመስታወት ላይ ትቀባለች፣ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ ነጫጮቹን የደም ሴሎች ትቆጥራለች። ታማሚው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል፤ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል። ለእሷ ግን አላበቃላትም። ከነጫጮቹ መሃል ትልልቆቹ፣ ጀርም እየዋጡ የሚያጠፉት፣ ዓይኗን ይይዙት ነበር። አንዱ ታማሚ ደም ውስጥ ለስላሳና ዝምተኛ ሆነው ታያቸዋለች፤ ሌላው ደም ውስጥ አብጠው፣ ሆዳቸው አረፋ ሞልቶ ይጠብቋታል። «ማነው እንዲህ የሚያስነሳችሁ? መልሶስ የሚያስተኛችሁ ማነው?» ትላቸው ነበር፣ ሰው በሌለበት።

ያ ጥያቄ ወደ ማታ ትምህርት፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ገፋት። የከተማ አውቶብስ ሾፌር የሆነው ባሏ ያን ጊዜ ሲያነሳ «እሷ ማስተርሷን ስትይዝ እኔ ድስት ያዝኩ» ይላል። እውነቱን ነው። ልጃቸው የአባቷን ሾርባ እየጠጣች ነው ያደገችው፤ ዛሬም ድረስ ያለ ልክ ጨው ትወዳለች።

የምርምር ክፍሉ ሲቀበላት የተሰጣት ሥራ ካርታ መሥራት ነበር፤ የምድር ሳይሆን የሴል ውስጥ ካርታ። ሴል አንድ ነገር እንዲሠራለት ሲፈልግ ትእዛዙን አርኤንኤ በሚባል ረጅም ክር ላይ ጽፎ ይልካል። ትእዛዙ ግን እንደተላከ አይፈጸምም፤ ፕሮቲኖች መንገድ ላይ ይጠብቁታል። አንዱ ክሩ ላይ ተቀምጦ ያስቸኩለዋል፣ ሌላው አፉን ይይዘዋል፣ ሌላው ቆራርጦ ይጥለዋል። የትኛው ፕሮቲን በየትኛው ክር ላይ፣ ከክሩም በየትኛው ቦታ እንደተቀመጠ የሚያሳየው ነው ካርታ የሚባለው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በሳህን ላይ ያደጉትን ሴሎች በረዶ ላይ ያስቀምጡና ኃይለኛ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ያበሩባቸዋል። በዚያች ቅጽበት ክሩን የነካ ፕሮቲን እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ቢጎትቱት አይላቀቅም። ከዚያ ትርፉ ክር ይከረከማል፣ የተፈለገው ፕሮቲን ከሌሎቹ ተለይቶ ይወጣል፣ ተጣብቆበት የመጣውም ቁራጭ ክር ፊደል በፊደል በማሽን ይነበባል።

እሷ የምትከታተለው አንድ ፕሮቲን ነበር። ጀርም ዋጮቹ ሲነቁ መላውን ሰውነት «እሳት! እሳት!» ብሎ የሚያስነሳ የማንቂያ ትእዛዝ አላቸው። ትኩሳቱም እብጠቱም የሚመጣው ከዚያ ነው፤ በጊዜው ካልቆመ ደግሞ የገዛ መገጣጠሚያን እስከማቃጠል ይደርሳል። የእሷ ግምት፣ ሴሎቹ ሲተኙ ፕሮቲኑ የማንቂያው ክር ጅራት ላይ ተቀምጦ አፉን ይይዘዋል፤ ሲነቁ ተነስቶ ይሄዳል የሚል ነበር። ይህን በትልቁ ስብሰባ ላይ፣ በሁሉም ፊት፣ ሽንጧን ገትራ ተከራክራበታለች። ስለዚህ ሁለት ካርታ ያስፈልጋት ነበር፤ አንድ የተኙት ሴሎች፣ አንድ የነቁት። ሁለቱ ከተለያዩ ግምቷ ያዘ ማለት ነው።

አንድ ከሰዓት የኮምፒውተር ባለሙያው ሁለቱን ካርታዎች፣ የተኙትን በሰማያዊ፣ የነቁትን በቀይ፣ ስክሪኑ ላይ ደራርቦ ጠራት።

«ነይ እስቲ እዪልኝ።»

በካርታው ላይ ፕሮቲኑ የተቀመጠበት ቦታ እንደ ተራራ ይቆማል፤ አሁን ተራራው በተራራው ላይ፣ ሸለቆው በሸለቆው ላይ ተኝቷል። ሰማያዊና ቀይ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ሐምራዊ ሆኗል።

«የቱ ነው የተኛው?» አለች።

«እኔ እንጃ። እኔስ ካንቺ ልሰማ ነበር።»

«ስማቸውን አቀያይረህባቸው እንዳይሆን።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! እንደ ልጆቼ ነው የማውቃቸው። ነገሩን ከጠየቅሽኝ፣ ተኝተዋል የምትያቸው ሴሎችሽ ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው የተቀመጡት።»

ካርታዎቹ እንዲህ ሲመሳሰሉ ይህ ሦስተኛ ጊዜ ነበር። በማግስቱ ዶክተሯ አስጠሯት። ዶክተሯ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ጸጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ጨካኝ ባይሆኑም ነገር ማሽሞንሞን የማያውቁ ሴት።

«ግምትሽ መጥፎ አልነበረም» አሉ። «ካርታው ግን አልደገፈሽም። የንባብ ማሽኑን ከወሩ መጨረሻ በኋላ ለሌላው ቡድን ሰጥቻለሁ።»

«እኔስ ዶክተር?»

«መደብሽ ከዚህ ሥራ ጋር የታሰረ መሆኑን ታውቂያለሽ። የቀድሞ ጤና ጣቢያሽን ጠይቄልሻለሁ። ትመለሳለች ስላቸው ደስ ብሏቸዋል።»

ቅስሟን የሰበረው ያ «ደስ ብሏቸዋል» ነው። መስኮት የሌለው ክፍል ዓይኗ ላይ መጣ። ለጥያቄዋ መልስ ሳታገኝ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ወደተነሳችበት ወንበር። «እሺ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ስትሄድበት ያያት የጽዳት ሠራተኛ «አሞሻል እንዴ እህቴ?» ሲል ጠየቃት።

የኮምፒውተር ባለሙያው ማጽናናት የማይሆንለት ሰው ነው። ወሬውን ሲሰማ ብስኩት ገፋ አደረገላትና ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ያረጁ ፋይሎችን መሰረዝ ጀመረ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ የጓንት ካርቶኖቹን ትደረድራለች።

«የአሳንሰሯን ሳህን ላጥፋት?» አለ በመሃል። «ዝም ብላ ቦታ ይዛብኛለች።»

እጇ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

የአሳንሰሯ ሳህን እነሱ ብቻ የሚያውቋት ቀልድ ነበረች። በዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ መብረቅ ከምድር ቤት በረዶ ይዛ ስትወጣ አሳንሰሩ በሁለት ፎቆች መሃል ቀጥ አለ። መካኒክ ተጠርቶ እስኪያወጣት ድረስ ግማሹ በረዶ ቀልጦ እግሯ ሥር ኩሬ ሠርቶ ነበር። ስትደርስ ብርሃን ማብሪያውን ሳጥን ለሌላው ቡድን የምታስረክብበት ሰዓት ደርሷል። አንዲት ሳህን ብቻ ሴሎቹ ከሚያድጉበት ማሞቂያ አወጣች፤ ቁርሷን ሳትሰጣት በተረፈው በረዶ ላይ አድርጋ ብርሃኑን አበራችባት።

ቁርስ የክፍሉ ወግ ነው። ሴሎቹ የሚያድጉበት ቀይ ፈሳሽ አለ፤ ያንን ከሥራው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ በአዲስ መተካት ነው ቁርስ ማለት። ወጉን ያመጡት ዶክተሯ ናቸው። በማሞቂያው በር ላይ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት «ማንም ሴል ቁርሱን ሳይበላ ሥራ አይገባም» ይላል። የተራበ ሴል ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም ብለው ያምናሉ፤ እንግዳ ሲመጣም ወረቀቱን እያሳዩ ይስቃሉ። መብረቅ ደግሞ ቁርስ ዘግይቶባት አያውቅም። ለዚህ ነው የዚያን ቀኗን ሳህን «የተበላሸች ናት፣ ለብቻ አስቀምጥልኝ» ብላ የሰጠችው።

«አሳየኝ» አለችው።

«ምኗን? የተበላሸች ናት ያልሽው አንቺው ነሽ።»

«አሳየኝ አልኩህ እኮ!»

ከፈተላት። በማንቂያው ክር ጅራት ላይ፣ ሌሎቹ ሳህኖች ሁሉ ሜዳ በሆኑበት ቦታ፣ አንድ ቀጥ ያለ ተራራ ቆሟል።

«ይሄ ያኔም ነበረ?»

«ነበረ። ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ስላለ ጣልነው።»

መብረቅ ብድግ አለች፤ መልሳ ተቀመጠች። ስለ ጀርም ዋጮቹ አሰበች። ሥራቸው ነቅቶ መጠበቅ ነው፤ አዲስ ነገር ሲነካቸው ይነሳሉ፣ የተፈጠሩት ለዚህ ነው። አዲስ ፈሳሽ፣ አዲስ ምግብ፣ የሳህን መወዝወዝ ለእነሱ ወሬ ነው። ቁርስ ይዞ የሚመጣ ሰው ቤተኛ ይሁን እንግዳ በምን ያውቃሉ?

«ስማኝማ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እነዚህን ሴሎች ማለዳ ማለዳ እሄድና እቀሰቅሳቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ… ምን ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥቼ ለምን አልተኛችሁም እላቸዋለሁ። ተኝታ ያገኘኋት አሳንሰር ውስጥ ተቆልፌ ያልደረስኩባትን ብቻ ነው።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ብስኩቱን እንደያዘ አፉን ከፈተ።

«አላጠፋኋትም» አለ። «እዪ፣ አላጠፋኋትም። እጄ እላዩ ላይ ነበር።»

ወደ ዶክተሯ ክፍል በሩጫ ሄዳ ገባች፤ ሳታንኳኳ መግባቷን እንኳ ያስታወሰችው ውስጥ ከቆመች በኋላ ነው። ዶክተሯ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ቁርስ የሚለው ቃል ሲመጣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ሳህን ማስረጃ አይሆንም።»

«አይሆንም። ለዚህ ነው ሌላ የምጠይቀው።»

«እና ሁላችንም እዚህ ስንሠራው የኖርነው ስህተት ነው እያልሽኝ ነው? እኔ ያስተማርኳችሁ?»

ወደ ኋላ ማለት ይቻል ነበር። አልፈለገችም።

«ለሌላው ሥራ ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም። ለእነዚህ ሴሎች ግን አዎ፣ ስህተት ነው እያልኩ ነው ዶክተር።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን በጋዋናቸው ጫፍ ብዙ ጊዜ ወስደው አጸዱ።

«ማሽኑ እስከ ወሩ መጨረሻ ያንቺ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የአንድ ሰው ደም ለሦስት ተከፍሎ፣ አንዱ ቁርስ የበላ፣ አንዱ ያልበላ፣ አንዱ ሳይበላ በባክቴሪያ ልጣጭ የተቀሰቀሰ። በአንድ ሰው ብቻ አላምንሽም፤ ሦስት ሰው። የማን ደም እንደሆነ፣ የትኛው ሳህን እንደበላ የሚያነበው ሰው አይወቅ።»

ነጩ ሴል ወደ ትልቁ ጀርም ዋጭ እስኪያድግ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ደሙ በዚያው ሰሞን መገኘት ነበረበት። ዘወትር ደም የሚሰጧት ተማሪዎች ግን አንዱ ካንዱ ተቀባብሎ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ የታመመ ሰው ሴል ደግሞ አስቀድሞ የነቃ ነው። ያን ምሽት እራት ላይ ቆዝማ ያያት ባሏ ነገሩን አወጣጣት።

«ደም ብቻ ነው የጠፋው?» አለ።

«ደም ብቻ ነው።»

«እና እኔ ምን ሆኜ ነው?»

ልጃቸው ማንኪያዋን ጣለች። «አባዬ! መርፌ በቴሌቪዥን ሲታይ እንኳ ፊትህን ታዞራለህ እኮ!»

«ፊቴን ባዞር ደሜ አይዞር» አለና ደረቱን ነፋ።

በማግስቱ ብቻውን አልመጣም። ለብቻው መውደቅ አፍሮ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን፣ ሁለቱንም ሾፌሮች፣ ጎትቶ አመጣ። ሦስቱም የፈቃዱን ወረቀት አንብበው ፈረሙ። ለቱቦዎቹም ለሳህኖቹም ስም የሌለው ኮድ የሚለጥፉት ዶክተሯ ሆኑ፤ ዝርዝሩን ኤንቨሎፕ ውስጥ አሽገው እሳቸው ይይዙታል። ደሙን የቀዳችው እሷ ናት፤ የጤና ጣቢያ እጇ አልረሳም። ሁለቱ ሾፌሮች እየተሳሳቁ ተቀዱ። የባሏ ተራ ሲደርስ ፊቱ እንደ ግድግዳው ነጣ።

«ወደ መስኮቱ እይ» አለችው።

«መች ትጀምሪያለሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ውሸትሽን ነው!»

«መብረቅ ያሏት እኮ በከንቱ አይደለም» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው ከበሩ።

ባሏ ቱቦውን አየ፤ ደሙን አየ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ ብሎ ከወንበሩ የተንሸራተተው። ባልደረቦቹ በየክንዱ ይዘው አነሱት። እስከ ጡረታው ድረስ ሲነገርበት እንደሚኖር ያን ጊዜውኑ ገባው።

ያ ሳምንት ለመብረቅ ከሁሉም የከበደ ሳምንት ነበር። ምንም ማድረግ አልነበረባትም። ሳህኖቹ ማሞቂያው ውስጥ ናቸው፤ በሩን በከፈቱት ቁጥር ብርዱም ንዝረቱም ይገባል፤ ስለዚህ አለመክፈት ነው። እጇ እንደ ልማዱ ወደ እጀታው ይሄዳል፤ በሌላኛው እጇ ትይዘዋለች። መጨረሻ ላይ ወንበር አምጥታ ከበሩ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። የሚያልፈው ሁሉ ቆም ይላል። «መብረቅ ተቀምጣ!» ብሎ አንዱ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳት።

በሥራው ዕለት የየሰዉ አንድ አንድ ሳህን ብቻ ቁርሱን በላ፤ አንድ አንዱ ጀርም የመጣ እንዲመስለው የባክቴሪያ ልጣጭ ተጨመረበት። የቀሩትን ማንም አልነካቸውም። ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ከፍታ ሳህኖቹን እንዳታናውጣቸው በሁለት እጇ ይዛ ወደ በረዶው አሻገረቻቸው። በበረዶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ አለቀለቀቻቸው፣ ክዳናቸውን አነሳች፣ ሳጥኑን ዘጋች፣ አበራች። ከመስታወቱ ጀርባ ሰማያዊ ጭላንጭል ታየ። «እንደተኛችሁ» አለች በልቧ። «እንደተኛችሁ ያዙልኝ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው መከርከም፣ መለየት፣ ማጠብ፣ እንደገና ማጠብ ነበር፤ በዚህ ላይ ፍጥነቷ ተመለሰላት። ማሽኑ አንብቦ የጨረሰው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ዶክተሯ ውጤቱን ቆመው ሊያዩ ራሳቸው መጡ፤ ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ተማሪዎቹም ከኋላ ተደረደሩ። የኮምፒውተር ባለሙያው የሳህኖቹን ምንነት አያውቅም፤ በኮድ ብቻ ከፈታቸው።

«ይሄኛው ሜዳ ነው» አለ። «ይሄኛውም ሜዳ። ይሄኛው…» ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

ተራራው ቆሟል። በማንቂያው ክር ጅራት ላይ፣ አሳንሰሯ ሳህን ባሳየችው በዚያው ቦታ፣ ልክ በዚያው ፊደል ላይ።

«ሁለተኛውን ሰው ክፈት» አሉ ዶክተሯ።

ሜዳ፣ ሜዳ፣ ተራራ።

«ሦስተኛውን!»

ሜዳ፣ ሜዳ፣ ተራራ፤ ይሄኛው እንዲያውም ከሁሉም ይረዝማል።

ዶክተሯ የታሸገውን ኤንቨሎፕ ከኪሳቸው አውጥተው ኮዶቹን አንድ በአንድ አመሳከሩ።

«ተራራ ያላቸው ሦስቱ ቁርስ ያልበሉት ናቸው» አሉ። «የበሉት በባክቴሪያ ከተቀሰቀሱት አይለዩም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ሲተኙ ይቀመጣል፣ ሲነቁ ይነሳል። እንዳልሽው ነው። ቃል በቃል እንዳልሽው።»

ተማሪዎቹ ጮኹ። የኮምፒውተር ባለሙያው ከወንበሩ ተነስቶ ሊያቅፋት ሲል ሻዩን በገዛ ሱሪው ላይ ደፋ፤ ማንም አላዘነለትም። መብረቅ ሳቀች፣ ከዚያ እንባዋ መጣ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነባት። ከዚያ መስኮት ከሌለው ክፍል ጀምሮ የተሸከመችው ጥያቄ መልሱን ይዞ ፊቷ ቆሟል፤ ሁሉም ሰው ያየዋል።

ዶክተሯ ወደ ማሞቂያው ሄዱና ወረቀታቸውን በጥፍራቸው ላጡት። ለዓመታት ተጣብቆ የኖረ ስለሆነ አራት ማዕዘን ነጭ ምልክት ትቶ ተነሳ።

«ጤና ጣቢያው ያዝናል» አሉ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ። «እኔ እደውልላቸዋለሁ። ማሽኑም አይሄድም። የሚቀጥለውን ፕሮቲን ምረጪና ሰኞ ንገሪኝ።»

ያን ቀን እራት ላይ ሁለቱ ሾፌሮችም ነበሩ። ነገሩን ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ቤቱ ውስጥ የተነሳው ክርክር ግን የሳይንስ አልነበረም።

«ረጅሙ ተራራ የኔ ነው» አለ አንዱ ሾፌር። «እኔ ስተኛ ቤት ቢፈርስ አልሰማም።»

«አንተ? መሪ ላይ እንኳ ተኝተህ አታውቅም!» አለ ሌላው። «የኔ ነው።»

ባሏ ጨው የበዛበትን ሾርባውን እያደለ በኩራት ጣልቃ ገባ። «ተዉ እንጂ! ከመሃላችን ተዘርሮ የተኛው ማን ነበር? የኔ ነው፤ ምስክር አለኝ።»

«ንገሪያቸው እማዬ፣ የማነው?» አለች ልጃቸው።

«ኮድ ነው፣ አላውቀውም» አለች መብረቅ። «ባውቅም አልናገርም።»

ሰኞ ጠዋት በሥራ ሰዓት ገባች። አዲስ ሳህኖች ማሞቂያው ውስጥ ነበሩ። እጇ ወደ እጀታው ሲሄድ ያዘችው፣ ወንበሯን ከነጩ ምልክት ፊት ለፊት አስቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዶክተሯ በኮሪደሩ ሲያልፉ አይተዋት ቆሙ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየሠራሁ ነው ዶክተር» አለች።

ዶክተሯ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና፣ የጫማቸው ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ እያሉ እየረገጡ አለፉ።